የአትክልት እጦትና የገዢ ጠባይ

የሰው ጠባይ በጥጋብ ቀን ተሰውሮ ይኖራል፤ ገበያ የጎደለ ዕለት ግን ይገለጣል። ይልቁንም ቲማቲምና ሰላጣ እንደ ስንዴ በጎተራ የሚቆዩ ስላልሆኑ፣ ጕድለታቸው ሳይውል ሳያድር በገዢው ዓይን ይታያል።

በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ያች አገር በብርድ ወራት የምትበላውን ቲማቲም አብዛኛውን ከእስጳንያና ከሞሮኮ ታስመጣለች። በዚያ ወራት በእስጳንያ ደቡብ ብርድ ስለ በረታ፣ በሞሮኮም ብርድና ጎርፍ ስለ ደረሰ፣ የባሕሩም ማዕበል መርከቦችን ስለ አገደ፣ የሚመጣው አትክልት አነሰ። በአገሩ ውስጥ በመስተዋት ቤት የሚተክሉ ገበሬዎችም የማሞቂያው ዋጋ ስለ ከበደባቸው ተክላቸውን አዘገዩት።

መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሲገኝ የገዢ ጠባይ በአራት ይከፈላል። አንዱ ያጣውን በሌላ ይተካል፤ አንዱ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ አንዱ እስኪመጣ ይታገሣል፤ አራተኛው ግን ነገ አላገኝም ብሎ ከሚበላው በላይ ይሰበስባል። ከእነዚህ ሁሉ ሌላውን የሚጎዳ ይህ አራተኛው ነው። እርሱ የሰበሰበው በቤቱ ሲበሰብስ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣችው እናት ባዶ ቅርጫት ይዛ ትመለሳለች። እጦትን ብርድ ቢጀምረውም ፍርሃት ይፈጽመዋል።

ስለዚህም ቴስኮ፣ አልዲና አስዳ የተባሉት ታላላቅ መደብሮች አንድ ገዢ ከቲማቲም፣ ከኪያርና ከቃሪያ ከያንዳንዱ ዓይነት ከ3 በላይ እንዳይወስድ ወሰኑ፤ ሞሪሰንስም ከ2 በላይ ከለከለ። ልኩ አትክልቱን አላበዛውም፤ ነገር ግን ማልዶ የመጣው ለዘገየው እንዲያስቀር አደረገ።

በየካቲት 16 ቀን የምግብና የእርሻ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዝ ኮፊ፣ በፓርላማ ስለ አገር በቀል ምግብ ሲናገሩ በብርድ ወራት የሚገኘውን ተርኒፕ የተባለ የሥር አትክልት አነሡ። በወራቱ የሚበቅለውን መብላት ከእርሻ ሥራ አንጻር ሐሰት አልነበረም፤ ሆኖም ብዙ ሰው ተሳለቀበት። ምክር ከችግር በፊት ሲመጣ ትምህርት ነው፤ በባዶ መደርደሪያ ፊት ሲነገር ግን ተግሣጽ ይመስላል።

እንግዲህ የገበያ ነገር በእጁ ያለ ሹም ሁሉ ጕድለቱንና ምክንያቱን ቀድሞ በግልጽ ሊናገር፣ ያለውንም በልክ ሊያካፍል ይገባዋል። ሕዝብ እውነቱን ሲያውቅ ይታገሣል፤ ሲሸሸግበት ግን ይሻማል።