ውሃ ማፍላት የልጅን ጥርስ አያድንም

«ውሃውን አፍልታችሁ ስጡት፤ ፍሎራይዱ ይጠፋል።» በወለንጪቲም ሆነ በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች ከሚሰጡ ምክሮች እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ተቅማጥን ለመከላከል ፍቱን ነው። ፍሎራይድ ግን ጀርም አይደለም፣ ከእንፋሎቱም ጋር አይወጣም። በሊትር 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለበት 2 ሊትር ውሃ ተንተክትኮ 1 ሊትር ተኩል ሲቀር መጠኑ በሊትር ወደ 4 ሚሊግራም ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ነው።

ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ካልሲየም ስለሚያንሰው አስሮ አያስቀረውም። በሸለቆው ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። መዘዙም በጥርስ አያበቃም፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ አጥንትን የሚያደነድነውንና ወገብ የሚያጎብጠውን የፍሎራይድ ሕመም አጥንተዋል።

አሁን ወደ ጥርሱ። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ሕፃኑ ጥቂት ወራት ሲሞላው ድድ ውስጥ መሠራት ይጀምራሉ። የጥርሱን ሽፋን የሚሠሩት ሕዋሳት መጀመሪያ ፕሮቲን ያነጥፋሉ፤ ከዚያ ማዕድኑ እየገባ ፕሮቲኑ ቀስ በቀስ ይወገዳል። ፍሎራይድ ሲበዛ ይህ ማስወገድ ይዘገያል። ግንበኛ ሣንቃውን ውስጡ ረስቶ እንደሞላው ኮንክሪት፣ ላዩ ደህና ሆኖ ከሥሩ ባዶ ቀዳዳ ይቀራል። ጥርሱ ሲበቅል ቡናማ አይደለም፤ እንደ ጠመኔ የነጣ ነው። ቡናማ የሚሆነው ብቅ ካለ በኋላ፣ ቀለም ወደ ቀዳዳዎቹ እየሰረገ ነው። ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ነጭ የበቀለ ጥርስ ዓይኑ እያየ ሲጠቁር «አትቦርሽም!» ብሎ ልጁን ይቆጣል። በከሰል ወይም በአሸዋ መፈተግ ደግሞ ያንኑ የሳሳ ሽፋን ይልጠዋል።

ስለዚህ ወላጅ የሚወስነው ነገር ጊዜ አለው። ለላይኞቹ የፊት ጥርሶች ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ዋነኞቹ ናቸው። በ8 ዓመት ገደማ፣ በመጨረሻ ከሚወጡት መንጋጋዎች በቀር፣ የጥርሱ ሽፋን ሥራ ያልቃል። የእናት ጡት ደግሞ እናትየዋ የምትጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ቢበዛበት እንኳ ወደ ወተቷ እጅግ ጥቂት ብቻ ያሳልፋል። በቆላው ሙቀት «ጠምቶታል» ብለው ለአራት ወር ሕፃን ውሃ የሚያቀምሱ አያቶች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ከስድስት ወር በኋላስ? አጥሚቱም ገንፎውም የሚሠራበት ውሃ ይቆጠራል። ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው፤ ለሕፃን ሻይ ማጠጣት ይቅር። አነስተኛ ፍሎራይድ ያለው ውሃ በቂ ካልተገኘ፣ ያለችው ጄሪካን ለትንሹ ልጅ መጠጥና ምግብ ትሁን፤ ልብሱ በቦኖው ውሃ ይታጠብ። በንጹህ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ጥቂት ነው፤ እሱ ግን ለጀርሙ ይፍላ። ጉድጓድ ከጉድጓድ ስለሚለያይ የጎረቤት ግምት አይበቃም፤ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ የቦኖውን ልክ በቁጥር ለእናቶች ይንገር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቁጥሩን ይዛ ቤት ለቤት ትሂድ። ቁጥር ያልተነገረውን ወላጅ «ቸልተኛ» ማለት ግፍ ነው።

ማጣሪያ ላይ ስንደርስ እኛ ባለሙያዎች እንጨቃጨቃለን። የከብት አጥንት ከሰል ፍሎራይድን ይይዛል፣ ግን ይጠግባል፤ በወቅቱ ካልተቀየረ ውሃው ሳይጣራ ያልፋል፣ ጣዕሙም አይነግርም። አጥንት በመሆኑ የማይዋጥላቸውም አሉ። አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ የሚጠቀመው የናልጎንዳ ዘዴ በየቀኑ ልክ መመጠን ይፈልጋል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ ያከራክራል፤ የጥርስ መበስበስን መከላከሉ አያጠራጥርም፣ ሕፃን ግን ይውጠዋል። ውሃው ወሰኑን ባለፈበት ሰፈር ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ጭራሽ ይቅር የሚሉም አሉ። እኔ ከሩዝ ፍሬዋ ወገን ነኝ፤ ልጁ መትፋት እስኪለምድ ድረስ አዋቂ አብሮት ይቁም።