ማገጥና የሥሩ ባክቴሪያዎች

ከአየር ውስጥ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ዕፅዋት ግን በዚህ ሁሉ ሀብት ተከበው ይራባሉ፤ የጋዙ ሁለት አቶሞች አጥብቀው ስለተያያዙ ሥርም ቅጠልም አይለያያቸውም። ፋብሪካ ለማዳበሪያ ሲፈልጋቸው ከ400 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሙቀትና ከባድ ግፊት ያስፈልገዋል። በደጋው ግጦሽ መሬት የሚበቅለው ማገጥ ይህንኑ ሥራ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎችን ያሠራል።

ማገጥ ናይትሮጅን ሲያጥረው ከሥሩ ፍላቮኖይድ የተባሉ ውሁዶችን ያመነጫል። በአፈሩ ውስጥ ለብቻቸው ይኖሩ የነበሩት ባክቴሪያዎች ይህን ሲያገኙ የራሳቸውን ኬሚካላዊ ምልክት ይልካሉ። ምልክቱ ከተስማማ የሥሩ ፀጉር ተጠምዝዞ ያቅፋቸዋል፤ በቀጭን ቱቦም ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። እነሱ በደረሱበት ቦታ ሥሩ ላይ ትንሽ እባጭ ይወጣል። ተክሉ ያገኘውን ሁሉ አያስገባም፦ የባቄላና የማገጥ ባክቴሪያዎች አንድ ዝርያ ቢሆኑም፣ የባቄላው ወገን ለማገጥ አይሆንም።

እባጩ ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ናይትሮጅኑን የሚሰብረው ኢንዛይም፣ ናይትሮጂኔዝ፣ ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይተነፍሱም። መፍትሔው የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ የሆነ ሌግሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅኑን ይዞ ለባክቴሪያዎቹ በቁጥቁጥ ያድላል። እባጭ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ተክሉ የሚያገኘው ነገር የለም።

ክፍያው ከባድ ነው። አንዷን የናይትሮጅን ሞለኪውል ወደ አሞኒያ ለመለወጥ ቢያንስ 16 ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋስ የጉልበት ሳንቲም፣ ይጠፋል፤ ወጪውን ተክሉ በፀሐይ ከሠራው ስኳር ይሸፍናል። ባክቴሪያዎቹም ይከፍላሉ። በማገጥ እባጭ ውስጥ ለሥራ የተሰማሩት ያብጣሉ፣ ከዚያ በኋላም አይራቡም። ዘር የሚተኩት በቱቦው ውስጥ የቀሩት ናቸው፤ እባጩ ሲበሰብስ ወደ አፈር ይመለሳሉ።

ዩሪያ የተረጨበት መሬት ላይ ማገጥ እባጭ ይቀንሳል፤ የተዘጋጀ ምግብ እያለ ስኳሩን አያባክንም። ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን በ1886 እ.ኤ.አ. የማገጥ ዘመድ የሆኑ የጥራጥሬ ተክሎች ናይትሮጅን ከአየር የሚያገኙት በእነዚህ እባጮች መሆኑን ያሳወቁትም፣ ናይትሮጅን በሌለው አሸዋ ላይ አብቅለዋቸው ነው።

ከማገጡ አጠገብ ያለው ሣር ወዲያው ተካፋይ አይሆንም። ናይትሮጅኑ በአብዛኛው የሚደርሰው የማገጡ ሥርና እባጭ ሲበሰብስ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ወይም የበላችው ላም በመስኩ ላይ ስትሸናና እበት ስትጥል ነው።