የካሜራ ዙም፦ አሠራሩና አያያዙ

ካሜራ ከትምህርት መርጃ መሣሪያዎች አንዱ እንደሆነ ይታወቃል። የሥነ ሕይወት መምህር አንበሳን፣ የጂኦግራፊ መምህር በጎርፍ የተሸረሸረ ገደልን፣ የታሪክ መምህርም አሮጌ ሕንፃን ወደ ክፍል ይዞ ሊገባ አይችልም፤ ፎቶግራፉን ግን ይዞ ይገባል። ተማሪውም ፎቶግራፉን አይቶ፣ ለክቶና ቆጥሮ አንድ ውሳኔ ላይ ይደርሳል። ከዚህ የተነሣ ፎቶግራፍ በክፍል ውስጥ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ምስክር ነው ማለት ይቻላል። ምስክር ደግሞ ያላየውን አየሁ ካለ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

በማሠልጠኛ ተቋም ስለ መርጃ መሣሪያዎች በምናስተምርበት ጊዜ ከዕጩ መምህራን ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ትምህርት ቤቱ ካሜራ ሊገዛ ነው፤ በአንዱ ሳጥን ላይ ዙም 10 እጥፍ፣ በሌላው ላይ ዙም 40 እጥፍ ተብሎ ተጽፏል፤ የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። መልሱ ከቁጥሩ ትልቅነት አይገኝም። ዙም የሚባለው ስም ለሁለት ፍጹም ለተለያዩ ነገሮች ስለሚሰጥ፣ በቅድሚያ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ልዩነቱን በአንድ የቀድሞ ዲጂታል ካሜራ ምሳሌነት እናስረዳለን፤ ቀጥሎም ስለ አያያዙና ስለ አገዛዙ ጥቂት ምክር እንሰጣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌያችን ለምን ከናይሮቢ ሆነ?

ናይሮቢ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 የተቋቋመ የኬንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመሐል ከተማው የሚርቀውም 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንበሳ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ፣ ጥቁር አውራሪስ፣ ነብርና አቦሸማኔ በሣሩ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከበስተጀርባቸው የከተማው ፎቆች ይታያሉ። ዝሆን ግን በዚህ ፓርክ አይገኝም። ጎብኚ ከተፈቀዱት ጥቂት ቦታዎች በቀር ከመኪና መውረድ አይፈቀድለትም። ስለሆነም አውሬው ራቅ ካለ፣ ተማሪው በእግሩ ተጠግቶ ሊያየው አይችልም። መቅረብ ያለበት ሰውየው ሳይሆን ምስሉ ነው፤ የዙም ጥቅም በግልጽ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል በናይሮቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በተደረደሩበት በሉቱሊ ጎዳና ያለፈ ሰው ሁሉ፣ ትልልቅ ቁጥር የተጻፈባቸውን ሳጥኖች ሳያይ አይቀርም። ስለዚህ ትምህርቱ ለዚያ ላሉትም ሆነ በአገር ቤት ላሉት መምህራንና ተማሪዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች

የዲጂታል ካሜራ ልብ የሆነው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ፣ ሲሲዲ የሚባለው፣ በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በዊላርድ ቦይልና በጆርጅ ስሚዝ ተፈለሰፈ። ለዚህ ሥራቸው በ2009 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስቲቭን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመመዝገብም 23 ሰኮንድ ይፈጅበት ነበር። የምስሉ ነጥቦች ብዛት 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ብቻ ነበር።

ለምሳሌ የመረጥነው ካሜራ ሶኒ በ1997 ለተራው ሰው ገበያ ያቀረበው ማቪካ ኤፍ ዲ 7 ነው። ይህ ካሜራ ፊልም አያስፈልገውም፤ ምስሉን የሚያስቀምጠው በዚያን ጊዜ በየኮምፒዩተሩ ይሠራበት በነበረው 1.44 ሜጋ ባይት ፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው። መምህሩ ዲስኩን ከካሜራው አውጥቶ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሲከተው ምስሉ ወዲያው ይታያል። የምስሉ ስፋት 640፣ ቁመቱ 480 ነጥብ ሲሆን፣ በድምሩ 307,200 ነጥብ ይሆናል። ይህ ከዛሬ የእጅ ስልክ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ካሜራው 10 እጥፍ የሚያቀርብ እውነተኛ የሌንስ ዙም ነበረው። ነጥቦቹ ጥቂት፣ ሌንሱ ግን ጠንካራ ስለሆነ፣ የዙምን ምንነት ለማስተማር ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለቱ ዙሞች

የመጀመሪያው የሌንስ ዙም ነው። በካሜራው ውስጥ ያሉ መስተዋት ሌንሶች ወደፊትና ወደኋላ ሲንቀሳቀሱ የትኩረት ርዝመቱ ይለወጣል። የትኩረት ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር ካሜራው የሚያየው ስፍራ ይጠብባል፤ ከዚያ ጠባብ ስፍራ የመጣው ብርሃንም በብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ስለዚህ ነጥቦቹ ሁሉ ሥራ ላይ ይውላሉ፤ በፊት ያልታየ ዝርዝርም ይታያል።

ሁለተኛው ዲጂታል ዙም ነው። በዚህኛው ሌንሱ ከቦታው አይነቃነቅም። ካሜራው ቀድሞ ካየው ምስል መካከለኛውን ክፍል ቆርጦ ያወጣና ክፈፉን እስኪሞላ ድረስ ይለጥጠዋል። ከውጭ አንዳች አዲስ ብርሃን አልገባም፤ አዲስ ዕውቀትም አልተጨመረም። ትንሽ ጉርድ ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር እንደማየት ነው፤ ይተልቃል እንጂ አይብራራም።

በቁጥር ስናየው

ነገሩን በሒሳብ እናረጋግጠው። የካሜራ ሠሪዎች የሌንስን ኃይል የሚያወዳድሩት፣ የምስሉ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ከሆነው ከተለመደው የፊልም ካሜራ ጋር ነው። በዚህ መለኪያ የማቪካው ሌንስ ከ40 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ መሠረት፣ ካሜራው የሚያየው ስፋት በርቀቱ ሲካፈል፣ 36 በትኩረት ርዝመቱ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው።

አሁን አንድ አውሬ በፓርኩ ሣር ላይ በ100 ሜትር ርቀት ቆሟል እንበል። ነብር ነው ወይስ አቦሸማኔ? ሁለቱም ነጠብጣብ ቆዳ አላቸው። የአቦሸማኔ ነጠብጣብ ድፍንና ክብ ነው፤ የነብሩ ግን በአብዛኛው እንደ አበባ ቀለበት የተሰባሰበ ነው። በተጨማሪም አቦሸማኔ ከዓይኑ ሥር እስከ አፉ የሚወርድ የእንባ መንገድ የሚመስል ጥቁር መሥመር አለው። ተማሪው በሪፖርቱ አንዱን መጻፍ አለበት።

ያለ ዙም፣ በ40 ሚሊ ሜትር፣ ካሜራው የሚያየው ስፋት 90 ሜትር ነው። ይህ ለ640 ነጥብ ሲካፈል ለአንድ ነጥብ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። የሰውነቱ ርዝመት 1.2 ሜትር ያህል የሆነ አውሬ ከ9 ነጥብ አይበልጥም። ነጠብጣቡ ቀርቶ እግሩም በወጉ አይለይም።

በሌንስ ዙም፣ በ400 ሚሊ ሜትር፣ የሚታየው ስፋት 9 ሜትር ይሆናል። አንድ ነጥብ 1.4 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፤ አውሬውም 85 ነጥብ ያህል ይሸፍናል። የቆዳው መልክ መለየት ይጀምራል። መኪናው በተፈቀደው መንገድ እስከ 25 ሜትር መቅረብ ቢችል አንድ ነጥብ 0.35 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚይዝ፣ በፊቱ ላይ ያለው ጥቁር መሥመር ሳይቀር ሊታይ ይችላል።

በሌንስ ዙም ፈንታ 10 እጥፍ ዲጂታል ዙም ብንጠቀምስ? ከ640 ነጥብ 64፣ ከ480 ነጥብ 48 ብቻ ይቀራል። 64 በ48 ሲባዛ 3,072 ነው። እነዚህ 3,072 ነጥቦች ተለጥጠው የ307,200ውን ቦታ ይይዛሉ፤ ይህም ማለት እያንዳንዱ እውነተኛ ነጥብ በ100 ቦታ ተዘርግቷል። አውሬው ትልቅ መስሎ ይታያል፤ ሆኖም የተሠራው ከእነዚያው 9 ነጥቦች ነው። በዚህ ምስል ተመሥርቶ «ነብር ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሚጽፈው ግምቱን ነው።

ይህ ሲባል ዲጂታል ዙም ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ነጥቡ ብዙ በሆነ ካሜራ ላይ ከምስሉ ጥቂት ቢቆረጥ ለተራ አገልግሎት የሚበቃ ይተርፋል። ጥንቃቄ የሚያሻው በሌላ በኩል ነው። አንዳንድ የዛሬ የእጅ ስልኮች ምስሉን ከመለጠጥ አልፈው የጎደለውን ዝርዝር በፕሮግራም እየገመቱ ይሞላሉ። ውጤቱ ጥርት ያለ ስለሚመስል ከተንሻፈፈው ምስል ይልቅ የሚያሳስተው እርሱ ነው። ሌንሱ ያላየውን ቁጥር ሊያመጣው አይችልም።

አያያዝ

1. መንቀጥቀጥን መከላከል። ሌንሱ 10 እጥፍ ሲያቀርብ የእጅ መንቀጥቀጥንም 10 እጥፍ ያጎላዋል። በፓርክ ውስጥ የመኪናው ሞተር ይጥፋ፤ ተሳፋሪዎችም ለጊዜው አይንቀሳቀሱ። ባቄላ ወይም ሩዝ የተሞላች ትንሽ ከረጢት በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጎ ካሜራውን በላይዋ ማሳረፍ ከሁሉ የረከሰ ዘዴ ነው። ቁልፉን በድንገት መምታት አይገባም። ኬንያውያን «ፖሌ ፖሌ» እንደሚሉት ቀስ ተብሎ ይጫን።

2. በመጀመሪያ ሰፊ፣ ቀጥሎ ጠባብ። ዙሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስበው አውሬውን የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አያገኙትም፤ የሚታየው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነውና። በሰፊው አይቶ አውሬውን መካከል ላይ ካደረጉ በኋላ ቀስ በቀስ ማቅረብ ይሻላል። ሰፊውንም ምስል ማንሳት አይዘንጋ፤ አውሬው የት እንደነበረ የሚመሰክረው እርሱ ነው።

3. ሰዓትን መምረጥ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ የምትገኝ በመሆኗ በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች። በዚያን ሰዓት ከመሬት የሚነሣው ሙቅ አየር ብርሃኑን እያጣመመ ስለሚያሳልፈው፣ የራቀ ነገር በዙም ሲታይ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይርገበገባል። ይህን ማንኛውም ሌንስ አያስተካክለውም። ጧት ወይም ወደ ማታ ማንሳት ይበጃል። እንደ ማቪካው በመስታየት ብቻ በሚታይባቸው ካሜራዎች ላይ የቀትር ፀሐይ መስታየቱንም ያደበዝዘዋል፤ በባርኔጣ መጋረድ ያስፈልጋል።

4. ሌንሱን ከአቧራና ከእርጥበት መጠበቅ። አቧራ በመጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በአየር መንፊያ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። አቧራው ሳይነሣ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ መስተዋቱን ይጭረዋል። በዝናብ ወራት፣ በናይሮቢ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ካሜራውን በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

5. ማስቀመጫውን መጠንቀቅ። የምዝገባው መብራት ሳይጠፋ ዲስክ ወይም ካርድ ማውጣት፣ ባትሪም መንቀል ምስሉን ሊያጠፋው ይችላል። ፍሎፒ ዲስክ በተጨማሪ ከማግኔትና ከድምፅ ማጉያ መራቅ አለበት። ዲስኩን የሚያነብብ ኮምፒዩተር በየቦታው ስለማይገኝ፣ በፍሎፒ የተቀመጠ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ያላቸው ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሌላ ማስቀመጫ እንዲገለብጡት እንመክራለን።

ከመግዛት በፊት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር መደረግ አለበት። አንደኛ፣ ሻጩ የሌንሱን ዙምና ዲጂታሉን ለይቶ እንዲናገር መጠየቅ። በሳጥን ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ የሁለቱ ብዜት ነው፤ 10 እጥፍ የሌንስ ዙም በ4 እጥፍ ዲጂታል ዙም ተባዝቶ 40 ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ከሱቁ ደጅ ሆኖ በማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ በሌንሱ ዙም ብቻ ማንሳት፣ ቀጥሎም በዲጂታሉ ጭምር ማንሳት። በሁለተኛው ምስል አዲስ ፊደል ካልተነበበ ተጨማሪው ቁጥር የረባ ነገር አልጨመረም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ያገለገለ ካሜራ ከሆነ ባትሪውና ማስቀመጫው አሁንም በገበያ መገኘታቸውን ማረጋገጥ። ለጥቂት ገንዘብ የተገዛ ካሜራ ባትሪው ከታጣ የሣጥን ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ አኳኋን ሲሠራ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ በከንቱ አይባክንም። ከዚህም በላይ ተማሪው «ይህን አይቻለሁ» በማለትና «ይህን ገምቻለሁ» በማለት መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ካሜራ ይማራል።

መልመጃ ለተማሪዎች

1. አንድ የእጅ ስልክ ካሜራ 4,000 በ3,000 ነጥብ ያነሣል። 4 እጥፍ ዲጂታል ዙም ብንጠቀም ስንት እውነተኛ ነጥብ ይቀረናል?

2. በናይሮቢ መሐል ከተማ የሚገኘው፣ በ1973 ሥራው የተጠናቀቀው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል 28 ፎቅ ሲኖረው ቁመቱ 105 ሜትር ያህል ነው። የማቪካው ምስል ቁመት የስፋቱ ሦስት አራተኛ ነው። ካሜራው ያለ ዙም፣ በ40 ሚሊ ሜትር፣ ሕንፃውን ከእግር እስከ ራሱ ለማንሳት ከስንት ሜትር ርቀት መቆም ይገባል? የካሜራው ማዘንበል አይቆጠር።

3. አንድ ተማሪ በፕሮግራም የተብራራ የአውሬ ፎቶግራፍ ለሥነ ሕይወት ሪፖርቱ ማስረጃ አድርጎ ቢያቀርብ መምህሩ ሊቀበለው ይገባልን? ምክንያት እየሰጣችሁ ተከራከሩ።

የ1ኛው መልስ፦ 1,000 በ750፣ ማለትም 750,000 ነጥብ። የ2ኛው መልስ፦ 156 ሜትር ያህል።