በርቀት ላለ ሊኑክስ ቋሚ አይፒ ስትሰጡ መመለሻውን አስቀድሙ

እዚህ ቂርያት መናሔም ተቀምጣችሁ ጎንደር ያለውን የቤተሰብ ሱቅ ሰርቨር የምትከታተሉ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የካሸሯ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ለምን ያጣዋል?

ራውተሩ ሲነሳ በዲኤችሲፒ አድራሻ እንደ አዲስ ያድላል። ትናንት 192.168.1.12 የነበረው ሰርቨር ዛሬ 192.168.1.17 ሊሆን ይችላል፤ የሽያጭ ፕሮግራሙ ግን የሚፈልገው የትናንቱን ነው። መፍትሔው ለሰርቨሩ ቋሚ አይፒ መስጠት ነው። ራውተሩ ውስጥ መግባት ከቻላችሁ እዚያው አድራሻውን ለሰርቨሩ ማስያዝ ይሻላል፤ ሊኑክሱን መንካት አያስፈልግም።

ካልተቻለ ወደ ኔትፕላን እንሂድ። ኡቡንቱ ከ17.10 ወዲህ የኔትወርክ ቅንብሩን የሚያነበው ከዚያ ነው። መጀመሪያ አሁን ያለውን ጌትዌይ እዩ፤ 192.168.1.1 ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ 192.168.0.1 ወይም 192.168.8.1 የሆነበት ቤት ሞልቷል። የምትሰጡት አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.50/24፣ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን፤ አለዚያ አንድ ቀን ለደንበኛ ስልክ ይሰጠውና ሁለቱ ይጋጫሉ። የኔትፕላኑ ፋይል ላይ ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ አድራሻውን፣ ጌትዌዩንና ዲኤንኤሱን ጻፉ። መስመሮቹን ወደ ውስጥ የምታስገቡት በስፔስ ብቻ ነው፤ ታብ አይቀበልም። የፋይሉ ስም ውስጥ ክላውድ ኢኒት የሚል ካለ፣ ክላውድ ኢኒት ኔትወርኩን እንዳይነካ አስቀድማችሁ ከልክሉት፤ የጻፋችሁትን መልሶ ሊደመስሰው ይችላል።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ መመሪያ «ኔትፕላን አፕላይ» በሉ ይላል። አጠገባችሁ ላለ ማሽን ይሁን፤ በርቀት ላለ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የምትቀይሩት የገባችሁበትን በር ነው፤ ጌትዌዩ ላይ አንዲት ቁጥር ከተሳተች እዚያ ያለችው እህታችሁ ሞኒተርና ኪቦርድ ተውሳ፣ እናንተ በስልክ ፊደል እየቆጠራችሁላት መሽቶ ይነጋል። «ኔትፕላን ትራይ» በሉ። አዲሱን ቅንብር ይተገብርና 120 ሰከንድ ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኢንተር ካልተጫነ የድሮውን በራሱ ይመልሳል። መስመሩ ከተቆረጠ ኢንተር መጫን ስለማትችሉ፣ ስህተቱ ራሱ ወደ ድሮው ይመልሳችኋል።

እኔ የአክስቴን ሱቅ ሰርቨር የማገኘው በዋየርጋርድ ነው። የመስመሩ የውስጥ አድራሻ ስለማይለወጥ መስኮቱ ለጥቂት ሰከንድ ይደርቅና ይመለሳል፤ ያኔ ኢንተር እጫናለሁ። በአሮጌው አይፒ በቀጥታ በኤስኤስኤች የምትገቡ ግን መስኮቱ ደርቆ ይቀራል፤ ቅንብሩ ትክክል ቢሆንም ይገለበጣል። እናንተ ዲኤችሲፒውን ሳታጠፉ አዲሱን አድራሻ ደርቡበት፤ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ። በሌላ መስኮት በአዲሱ ግቡ፣ ከዚያ ወዲያ ዲኤችሲፒውን አጥፉና እንደገና «ትራይ» በሉ።

ቀኑንም ምረጡ። ዓርብ ከሰዓት አትንኩት፤ እዚህ ሰንበት ሳይወጣ እዚያ የቅዳሜ ገበያ ይነጋል፣ ቢበላሽ የሚያየው ሰው የለም። እሑድ ሱቁ ዝግ ሲሆን ሥሩት። ስትጨርሱም ቁልፍ የያዘ ሰው እዚያው እያለ ማሽኑን አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አስነሱት፤ ተነሥቶ በአዲሱ አድራሻ ካልመለሰላችሁ ሥራው አላለቀም።