ሥር የሌለው ኪንታሮት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ፣ «ኪንታሮት ሥሩ ካልተነቀለ ነቀርሳ ይሆናል። የእኔን ነቅሎ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ» ሲሉ ሰማሁ። ነቃዩ የባህል መድኃኒት አዋቂ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እኔ መድኃኒት ቤት የምሠራ ነኝ፤ ይህ ወሬ በማግስቱ «ሥሩን የሚያወጣ ቅባት ስጠኝ» ሆኖ እኔው ዘንድ ይመጣል። ኪንታሮት ሥር የለውም። ወደ ነቀርሳም አይለወጥም።

የጥፋቱ ግማሽ የቃሉ ነው። እጅ ላይ የሚወጣውንም፣ መቀመጫ ላይ የሚያብጠውንም በአንድ ስም ኪንታሮት እንላቸዋለን። የእጁ ከቫይረስ የሚመጣ እድገት ነው፤ በአሲድ ቢቃጠል ያስኬዳል። የመቀመጫው ግን አዲስ የበቀለ ነገር አይደለም፤ ከተወለድን ጀምሮ ሁላችንም ያለን አካል ነው።

የጤፍ ጆንያ አፍ በገመድ ሲታሰር ምንም ቢጠብቅ መሀሉ ላይ ክፍተት አይጠፋም፤ ስለዚህ ጨርቅ ይወተፍበታል። የፊንጢጣ ጡንቻም ቀለበት ነውና ብቻውን ጥርቅም አድርጎ አይዘጋም። ክፍተቱን የሚሞሉት በደም ሥር መረብ የተሠሩ፣ በአብዛኛው ሦስት የሆኑ ለስላሳ ትራሶች ናቸው። መካኒክ ቢሆን ጓርኒሲዮን ይላቸው ነበር። በእረፍት ጊዜ ካለው የመዝጋት ኃይል ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ከእነሱ ነው። ትራሶቹን ከጡንቻው ጋር የሚሰፏቸው ቀጫጭን ጅማቶች አሉ። ቶምሰን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳስረዳው፣ ችግሩ የሚጀምረው እነዚህ ሲላሉና ትራሱ ወደ ታች ሲንሸራተት ነው። ስፌቱ ተተርትሮ ከጠርዙ በታች የተንጠለጠለ የኮት ገበር አስቡ። ስፌቱን የሚተረትረው ድርቀት፣ ማማጥ፣ እርግዝና፣ ዕድሜ ነው። የወረደውን ትራስ ጡንቻው አንገቱን ያንቀዋል፤ ደሙ መመለሻ ያጣል፣ ትራሱ ያብጣል፣ ሲፋቅ ይደማል። ደሙ ደማቅ ቀይ የሚሆነው በትራሱ ውስጥ የደም ቅዳና የደም መልስ ቱቦዎች በቀጥታ ስለሚገናኙ ነው። የውስጠኛው ኪንታሮት ሕመም የሚሰማ ነርቭ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ሳያም ይደማል፤ የውጪው ደም ሲረጋበት ግን አያስቀምጥም።

ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት ውስጥ ሊዶኬይን ያደነዝዛል፣ ሃይድሮኮርቲዞን እብጠትና ማሳከክ ይቀንሳል (ከሳምንት በላይ ከተቀባ ቆዳ ያሳሳል)፣ ዚንክ ኦክሳይድ ቆዳውን ከእርጥበት ይከልላል። ገበሩን መልሶ የሚሰፋ የለም። የምሸጠውን ማጣጣል ባይቀናኝም የቅባቶቹ ማስረጃ ስስ ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ሌሊት ማስተኛታቸው ቀላል አይደለም። ፍላቮኖይድ የሚባሉት ክኒኖች መድማትን እንደሚቀንሱ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ትንንሽ ስለሆኑ ባለሙያው አልተስማማም፣ እኔም ከሚያመነቱት ወገን ነኝ።

የተሻለ ማስረጃ ያለው መድኃኒት እኔ ዘንድ አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ 378 ታማሚዎች የተካተቱባቸውን ሰባት ሙከራዎች ያጠቃለለ ግምገማ፣ ምግብ ላይ አሰር መጨመር የመድማትን ዕድል ወደ ግማሽ እንደሚያወርድ አሳይቷል። ተልባ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ከብዙ ውኃ ጋር፤ ሁሉም ገበያ ላይ አለ። ሲያቃጥል ደግሞ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ።

በርበሬስ? ቡሬ የበርበሬ አገር ናትና ይህን ሳልመልስ ባልፍ አይለቁኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያን ውስጥ ለ50 ታማሚዎች በርበሬ በካፕሱል ተሰጥቶ ኪንታሮቱ አልባሰም። የተሰጠው መጠን ግን ከእኛ ወጥ ጋር አይወዳደርም። የፊንጢጣ መሰንጠቅ ያለበት ሰው ደግሞ በርበሬ ያሠቃየዋል፤ ያንንም ኪንታሮት እያልን ስለምንጠራው ነው ክርክሩ የማያልቀው።

መድማት ግን ሐኪም ሳያየው «ኪንታሮት ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ የአንጀት ነቀርሳም ይደማል፣ በተለይ ክብደት ከቀነሰ ወይም የአንጀት ልማድ ከተለወጠ።

ወረቀቱ ውስጥ የነበረውም ሥር አይደለም። የሚያቃጥል መድኃኒት የተቀባበት ሥጋ ሞቶ ከቀናት በኋላ ይረግፋል፤ ሰውየው የተሰጣቸው የገዛ ጓርኒሲዮናቸውን ነው። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ሊኮማተርና መውጫውን ሊያጠብ ይችላል። ያኔ ዓይነ ምድር በማማጥ ብቻ ይወጣል፤ ማማጥ ደግሞ የቀሩትን ትራሶች ስፌት ይተረትራል።