ነቀዝ ያልነካው በቆሎ ሁሉ ነቀዝን አይቋቋምም

«ይህን ዘር ነቀዝ አይደፍረውም» ሲባል ብዙ ጊዜ ማስረጃው የአንድ ጎተራ የአንድ ዓመት ታሪክ ነው። ያ እህል ግን በአጋጣሚ የተረፈ ሊሆን ይችላል፦ በዚያ ዓመት ነቀዝ አልበዛ ይሆናል፣ እህሉ በደንብ ደርቆ ገብቶ ይሆናል፣ ወይም አጠገቡ ለነቀዝ ይበልጥ የሚመች ሌላ በቆሎ ነበረ።

ተመራማሪዎች ነቀዙን ራሳቸው የሚለቁት ለዚህ ነው። ከየዝርያው እኩል የተመዘነ ንጹሕ በቆሎ በየጠርሙሱ ያስገባሉ፤ እኩል ቁጥር ያላቸው ነቀዞች ይጨምሩበታል፤ አፉን አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ያስራሉ። እንቁላል ከተጣለ በኋላ ወላጆቹ ይለቀማሉ፤ ከፍሬው እየበሱ የሚወጡት ልጆች ደግሞ ይቆጠራሉ። ስንት ወጡ ብቻ ሳይሆን በስንት ቀን ወጡ የሚለውም ይመዘገባል። በ1974 እ.ኤ.አ. ዶቢ የተባለ ተመራማሪ ሁለቱን አጣምሮ ለዝርያዎች ነጥብ የሚሰጥ ስሌት አሳተመ፤ ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ዝርያው ይበልጥ ተቋቋመ ማለት ነው። ቀኑ የሚቆጠረው በከንቱ አይደለም። በሞቃት ቦታ አንድ ትውልድ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ይህን በጥቂት ቀናት የሚያዘገይ ዝርያ፣ እህሉ ጎተራ በሚቆይባቸው ወራት የሚራባውን ነቀዝ በእጅጉ ይቀንሳል።

«ነቀዝ ከእህሉ ከራሱ ይፈጠራል» የሚሉም አሉ፤ እንዲያ ግን አይደለም። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ ትሉ ውስጥ ሲያድግ ከላይ ምንም አይታይም። ነቀዙ ብዙ ጊዜ የሚገባው በቆሎው ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ የጠርሙሱ ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ የበቆሎው ራስ ጫፉ ድረስ በልባሱ መሸፈኑም ማሳ ላይ መታየት አለበት።

«ያገር ዘር አይነቅዝም፣ ምርጥ ዘር ይነቅዛል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ፍሬያቸው ጠንካራ የሆነ ያገር ዘሮች አሉ፤ ለስላሳም አሉ። ምርጥ ዘሮችም እንዲሁ ይለያያሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው የፍሬው ጥንካሬና የቆዳው ኬሚካል ነው።

የሚቋቋም ዝርያም ቢሆን ነቀዝን ያዘገያል እንጂ አያጠፋም። በደንብ ማድረቅና አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ አይቀርም። ለነቀዝ ማጥፊያ የሚውለው የፎስፊን ኪኒን ደግሞ ጋዙ ሰው ስለሚገድል ሰው በሚያድርበት ቤት አይቀመጥ።

ገበሬው ዘር ሲመርጥ የሚነገረው በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚገኝ ነው። ከዚያ ቁጥር ጎን የነቀዝ ነጥቡም ይነገረው።