ብርድ ሲቀር የሚከስር ኩባንያ

ሐምሌ ላይ ጉርድ ሾላ ያለ ጃኬት የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ከባቡር ፌርማታው ወደ ሴንቸሪ ሞል ሲኬድ አንዱ ጃኬት ቡቲክ መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፣ ሌላው ከቦንዳ ወጥቶ አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግቷል። ዝናቡ ሲጠነክር ሁለቱም ሻጮች ፊታቸው ይፈካል።

በዚያው ወር፣ ከእኛ እጅግ ርቃ በምትገኘው የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርችም ብርድ ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ወደ ደቡብ የራቁ አገሮች የብርድ ወራቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ በመሆኑ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ኩባንያ መነሻው እዚያ ነው። ስሙን ከኔፓል ዋና ከተማ ወስዶ ካትማንዱ ይባላል፤ ጃኬት፣ የጉዞ ቦርሳ፣ ድንኳንና የተራራ ጫማ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 ጃን ካሜሮንና ጆን ፖውሰን መሠረቱት፤ በ2009 አክሲዮኑ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ገበያዎች ለሕዝብ ቀረበ። ያን ጊዜ አንዱ አክሲዮን 2 የኒውዚላንድ ዶላር ከ13 ሳንቲም ነበር የተሸጠው። በ2025 ከ30 ሳንቲም በታች ሲሸጥ ታይቷል።

እንዲህ ያለ ኩባንያ ለአዲስ አበባ ሰው ምኑ ነው ለሚል፣ መልሱ አጭር ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን በ300 ብር ሒሳብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሽያጭ አቅርቦ፣ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህሉን ገዝተዋል። አክሲዮን የባንክና የኢንሹራንስ ነገር ብቻ መሆኑ እያበቃ ነው። የባንክ ባለአክሲዮን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ስንት ፐርሰንት ነው?» ይላል፣ መልሱን ይሰማል፣ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። ልብስ የሚሸጥ ኩባንያ በዚህ ጥያቄ አይታወቅም። በችግር ላይ ያለ ልብስ ሻጭ ደግሞ ጭራሽ አይታወቅም።

የንግዱ ጠባይ እንዲህ ነው። ጃኬት የሚታዘዘው ብርዱ ከመምጣቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። ጨርቁ ይመረጣል፣ ፋብሪካ ይሰፋዋል፣ በመርከብ ይጫናል። ገንዘቡ ሲወጣ የሚቀጥለው ክረምት ይበርድ አይበርድ ማንም አያውቅም። ከበረደ ሁሉም ይሸጣል። ካልበረደ መጋዘኑ እንደሞላ ይቀራል። ጃኬት የበዓል ዶሮ ነው፤ ዋዜማው ካለፈ ዋጋው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሰኔ እስከ ነሐሴ የነበረው የአውስትራሊያ ክረምት እስከዚያ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀው ነበር። ለካትማንዱ ከዚህ የከፋ ዜና የለም፤ ብዙዎቹ ሱቆቹ ያሉት እዚያ ነውና።

ሻጩ በዚህ ጊዜ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፣ እሱም ቅናሽ ነው። ካትማንዱ ለዚህ የቆየ ስም አለው። በገና ሰሞን፣ በፋሲካና በክረምት የሚደረጉት ሦስቱ ታላላቅ የቅናሽ ሽያጮች ለረጅም ዓመታት የንግዱ ምሰሶ ነበሩ። ደንበኛውም ሞኝ አይደለም፤ ቅናሹን መጠበቅ ተማረ። በሙሉ ዋጋ የሚገዛው ቸኩሎ ለጉዞ የሚነሳ ሰው ብቻ ሆነ።

ሒሳቡን በብር እንየው። አንድ ጃኬት በ1,000 ብር መጥቶ በ2,500 ብር ቢሸጥ ለሱቁ 1,500 ብር ይቀራል። ከዚህ ላይ ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት ይከፈላል። ዋጋው በግማሽ ሲቀነስ ሽያጩ 1,250 ይሆናል፤ የሚቀረው ግን 250 ብቻ ነው። ያንኑ 1,500 ለማግኘት ስድስት ጃኬት መሸጥ አለበት። ለደንበኛው የጠፋው ግማሽ ዋጋ ብቻ ይመስለዋል፤ ለሱቁ ባለቤት የጠፋው ከትርፉ ስድስት እጅ አምስቱ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለአክሲዮን የዓመቱን ሪፖርት ሲከፍት ከሽያጩ መጠን በፊት ሁለት መስመሮችን ይፈልጋል፤ አንዱ ከሽያጭ ላይ የዕቃው ዋጋ ተቀንሶ የሚቀረው ጥቅል ትርፍ፣ ሌላው መጋዘን ውስጥ ያለው ክምችት። ክምችቱ ከሽያጩ ፈጥኖ እያደገ ከሆነ የሚመጣው ዓመት ቅናሽ ከአሁኑ ተጽፏል ማለት ነው።

የዚህ ኩባንያ የበጀት ዓመት የሚዘጋው በሐምሌ 24፣ በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 31 ነው። የእኛዎቹ ሰኔ 30 መዝገባቸውን ከሚዘጉበት ብዙም አይርቅም። የሦስት ተከታታይ ዓመታትን ቁጥሮች ጎን ለጎን ላስቀምጥ። በ2023 የተዘጋው ዓመት ሽያጭ ከ1.1 ቢሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር በላይ፣ የተጣራ ትርፉም ወደ 37 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2024 ሽያጩ ወደ 979 ሚሊዮን ወረደና ወደ 48 ሚሊዮን የሚጠጋ ኪሳራ ተመዘገበ። በ2025 ሽያጩ ወደ 989 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ ኪሳራው ግን ከ90 ሚሊዮን አለፈ። ሽያጭ ጨመረ፣ ኪሳራ በእጥፍ ሊጠጋ ደረሰ። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ኪሳራው ሁሉ ከካዝና የወጣ ገንዘብ አይደለም። ትልቁ ክፍል የመዝገብ ዋጋ ቅነሳ የሚባለው ነው። ኩባንያው የንግድ ስሞቹን በሒሳብ መዝገቡ ላይ በውድ ዋጋ አስፍሮ ነበር። የወደፊት ገቢያቸው ያንን ያህል እንደማያወጣቸው ሲታይ ዋጋቸው ይቀነሳል፣ ልዩነቱም ኪሳራ ሆኖ ይጻፋል። የኩባንያ አለቆች ይህን «የወረቀት ኪሳራ» ብለው ማቃለል ይወዳሉ። አንድ ሳንቲም ከካዝና እንዳልወጣ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ቀድሞ ወጥቷል፤ ቅነሳው ያኔ በውድ ስለመገዛቱ ዛሬ የሚሰጥ የእምነት ቃል ነው።

የተገዛው ምንድን ነው? ካትማንዱ በብርድ ላይ ብቻ መኖር እንደማያዛልቅ ገብቶት በ2018 ኦቦዝ የተባለውን የአሜሪካ የተራራ ጫማ፣ በ2019 ደግሞ ሪፕ ከርል የተባለውን የአውስትራሊያ የባሕር ሞገድ ስፖርት ልብስ አምራች በ350 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገዛ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሙቀት ሲሆን አንዱ ይሸጣል፣ ብርድ ሲሆን ሌላው። ከወራት በኋላ ኮሮና መጣና ሱቆች ተዘጉ። ዕዳውን ለመሸከም ኩባንያው በ2020 አዲስ አክሲዮን በ50 ሳንቲም አውጥቶ ከ200 ሚሊዮን በላይ የኒውዚላንድ ዶላር ሰበሰበ። ነባሩ ባለአክሲዮን ወይ ተጨማሪ ገንዘብ ማምጣት፣ ወይ ድርሻው ሲቀጥን ማየት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የአክሲዮኑ ብዛት ከ700 ሚሊዮን አልፏል። በ2022 የጋራ ኩባንያው ስም ኬኤምዲ ብራንድስ ተባለ።

ባለአክሲዮኖች እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ካልኩሌተር ይይዛል፤ 700 ሚሊዮን አክሲዮን በ30 ሳንቲም ሲባዛ 210 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ሪፕ ከርል ብቻውን ከዚህ በላይ ተገዝቶ የለም ወይ? ስለዚህ በዚህ ዋጋ የሚገዛ ሰው አንዱን ስም ከዋጋው በታች ገዝቶ ሌሎቹን ሁለት በነፃ ያገኛል። ሁለተኛው ወገን፣ ሪፕ ከርል ያኔ የተገዛበት ዋጋ ዛሬ የሚሸጥበት አይደለም ይላል፤ ደግሞም ኩባንያ ቢበተን ቀድሞ የሚወስደው አበዳሪው ነው፣ ባለአክሲዮን የሚደርሰው የተረፈው ነው። ርካሽ መስሎ ዓመት በዓመት የሚረክስ አክሲዮን በየገበያው ሞልቷል። በ2015 ብሪስኮ የተባለው የኒውዚላንድ ቸርቻሪ ካትማንዱን ለመጠቅለል ሲጠይቅ ቦርዱ ተቃውሞ ነገሩ ሳይሳካ ቀርቷል። ዛሬ ያንን እያነሱ የሚቆጩ ባለአክሲዮኖች ቢኖሩ አይፈረድባቸውም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ ከጉርድ ሾላ ብዙም ወደማይርቀው ቦሌ ለሚ ልውሰዳችሁ። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ መንግሥት ካስገነባቸው ፓርኮች የመጀመሪያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ሲጀምር ከገቡት መካከል የስፖርትና የተራራ ልብስ የሚሰፋው የደቡብ ኮሪያው ሺንትስ ይገኝበታል። የካትማንዱ ጃኬት እዚያ ይሰፋል ማለቴ አይደለም። ሰንሰለቱ ግን አንድ ነው። የውጭ ሱቅ ክምችቱ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚቆርጠው ትእዛዝን ነው፤ ትእዛዝ ሲቆረጥ የሚቆመው የስፌት መኪና ነው። በዚህ ላይ የፖለቲካ ውሳኔ ሲታከልበት ጉዳቱ ይከፋል። ኢትዮጵያ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ስትወጣ እነዚህ ፋብሪካዎች ዋና መወዳደሪያቸውን አጡ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2021፣ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። አክሲዮኑ በኒውዮርክ የሚሸጥ ኩባንያ ነው፤ ጸጥታው ሲደፈርስና ቀረጡ ሊመለስ ሲል የባለአክሲዮኖቹን ገንዘብ ከአደጋ ማራቁን መረጠ። ሥራ ያጣችው የሐዋሳ ልጅ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ድምፅ የላትም።

የእኛ ገበያ ላይ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ባንኮች ጠባያቸው ይለያል፤ ክምችታቸው ብር ነው፣ ፋሽኑ አያልፍበትም። አምራቾችና ቸርቻሪዎች ሲመጡ ግን በኦዲተር የተመረመረ ሪፖርታቸው በእጃችሁ ይኑር፤ ከገጹ ላይ የክምችቱን መስመር ፈልጉ፣ የአምናውን ቁጥር ከጎኑ አድርጉ፣ ጥቅል ትርፉ ከሽያጩ መቶኛ ስንት እንደሆነ አስሉ። አስተዳደሩ ስለ አየር ንብረት ሲያማርር ስሙት፣ ግን ጎረቤቱ ያው አየር እያለ እንዴት እንደሸጠ ጠይቁት።

ስለ ካትማንዱ የእኔን ፍርድ ለሚጠይቅ፣ ስሙ አሁንም ዋጋ አለው፣ ዕቃውም መጥፎ አይደለም። ሁለት ክረምት በተከታታይ ያለ ትልቅ ቅናሽ ጃኬቱን ሸጦ እስኪያሳይ ድረስ ግን በ30 ሳንቲምም አልገዛውም።